በትርፍ ጊዜ ፈረስ መንከባከብ፦ የመጀመሪያ ሥራቸው ለማድረግ ያሰቡ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁት

በአዲስ አበባና በዙሪያዋ ባሉ የፈረስ ጋጣዎች በትርፍ ጊዜያቸው ለመሥራት ያሰቡ ተማሪዎችና ወላጆቻቸው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቀርበዋል።

ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

አብዛኛው ጽዳት ነው። ጠዋት ጋጣ ገብታችሁ ፍጉን በአካፋ ታወጣላችሁ፤ የራሰውን ጉዝጓዝ ከደረቁ ትለያላችሁ፤ የውሃውን ባልዲ አጥባችሁ ትሞላላችሁ፤ ድርቆሽ ታቀርባላችሁ። ከዚያ ፈረሶቹን አንድ በአንድ እያወጡ ማበጠር፣ ሰኮናቸውን መጥረግ፣ ለግልቢያ የሚወጡትን መጫንና መለጎም ይከተላል። ሲመለሱ ደግሞ ኮርቻውን አውርዶ ላቡን ማድረቅ፣ ጀርባቸውን መፈተሽ፣ ልጓሙን አጥቦ ቦታው መስቀል አለ።

በዚህ ሁሉ መካከል የሚሠራ አንድ የማይታይ ሥራ አለ፤ እሱም ልብ ብሎ ማየት ነው። ፈረስ አመመኝ አይልም። ያልተበላ ድርቆሽ፣ ያበጠ እግር፣ ከወትሮው ያነሰ ፍግ ሲኖር መጀመሪያ የሚያየው ጋጣውን የሚጠርገው ልጅ ነው። ባለቤቱ በሳምንት አንዴ ይመጣ ይሆናል፤ ሐኪሙ የሚመጣው ሲጠራ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ የምለው ለውጡን ቶሎ አይቶ፣ ሳያፍርና ሳይፈራ የሚናገረውን ነው።

በሕይወቴ ፈረስ ነክቼ አላውቅም። ይቀጥሩኛል?

አዎ፤ ብዙ ጋጣዎች ልምድ የሌለውን ልጅ ይቀበላሉ። የሚፈልጉት በሰዓቱ የሚገኝ፣ የማይጮህ፣ የታዘዘውን ሳይጨርስ ስልኩን የማያወጣ ሰው ነው። ከገጠር የመጣና ከብት ሲያግድ ያደገ ልጅ እንስሳ አይፈራምና ብልጫ አለው። ግን በአለንጋና በጩኸት መንዳት የለመደ ከሆነ ያንን መተው ይኖርበታል፤ ጋጣ ውስጥ የሚጮህ ሰው አሥር ፈረስ በአንዴ ያስደነግጣል።

ፈርታችሁ ከሆነ ለሚያለማምዳችሁ ሰው ንገሩት። ፍርሃቱን የተናገረ ልጅ እርጋታ ያላት አሮጊት ባዝራ ይሰጠዋል። የደበቀውን ግን ከድንጉላ ፊት ያቆሙት ይሆናል።

እንዲህ ያለ ሥራ የት ይገኛል?

በአዲስ አበባ የፈረስ ነገር ሲነሳ ጃንሜዳ ይቀድማል፤ የፈረስ ውድድርና የጉግስ ታሪክ ያለው ሜዳ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክም ጎብኚዎችን ፈረስ ያስጋልባል። ከዚህ ሌላ በከተማዋ ዳርቻ፣ በሱሉልታና በለገጣፎ በኩል የግል ጋጣዎችና የግልቢያ ማሠልጠኛዎች አሉ። ለሠርግ ሰረገላ የሚያከራዩና እሑድ እሑድ በየሜዳው ልጆችን የሚያስጋልቡ ሰዎችም ረዳት ይፈልጋሉ።

ማስታወቂያ አትጠብቁ፤ ይህ ሥራ የሚገኘው በአካል በመሄድ ነው። የግልቢያ ግርግር በማይኖርበት በሥራ ቀን ሄዳችሁ የጋጣውን ኃላፊ ጠይቁ። እግረ መንገዳችሁን ፈረሶቹን ተመልከቱ። የጎድን አጥንታቸው ከሩቅ የሚቆጠር፣ ጀርባቸው የተላጠ፣ ባልዲያቸው የደረቀ ከሆነ እዚያ አትቀጠሩ። እንስሳውን እንዲያ የያዘ ሰው ሠራተኛውንም በደንብ ይይዛል ብዬ አላምንም።

ዕድሜዬ ስንት መሆን አለበት? ተማሪ ብሆንስ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ክልክል ነው። 15 ዓመት የሞላውና 18 ያልደረሰው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። እሱን በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በትርፍ ሰዓት፣ እንዲሁም በሳምንታዊ የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራት አይፈቀድም።

ይህ ለጋጣ ሥራ ትልቅ ትርጉም አለው። አንዳንድ ጋጣ ከለሊቱ 11 ሰዓት ሥራ ይጀምራል፤ ገናና ፋሲካ ደግሞ ጎብኚ የሚጎርፍባቸው ቀናት ናቸው። ከ18 በታች ከሆናችሁ ሁለቱም እንደማይመለከቷችሁ ከመጀመሪያው ቀን ተናገሩ። ቅዳሜና እሑድ ብቻ የምትሠሩ ከሆነም ሳምንታዊ ዕረፍታችሁ በየትኛው ቀን እንደሚውል አስቀድማችሁ ተስማሙ። የፈተና ወቅታችሁንም ቀደም ብላችሁ አሳውቁ፤ ፈረስ ፈተና አለብኝ ብሎ ሳይበላ አይውልምና ተተኪ ሰው መፈለግ ያስፈልጋል።

ስንት ይከፈላል? «መጀመሪያ በነጻ ልመድ» ቢሉኝስ?

ለግሉ ዘርፍ በአገር ደረጃ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ ክፍያው በስምምነት ነው። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ፦ የሚከፈለው በቀን ነው በወር? ምሳና ትራንስፖርት ይጨምራል? ጎብኚ የሚሰጠው ጉርሻ የማን ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀላል መስሎ ብዙ ጠብ ያስነሳል።

ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለበት። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም፤ በዚያ ጊዜም ሠራተኛው ደመወዝና ሌሎች መብቶች አሉት። በነጻ መልመድን በሚመለከት የእኔ አቋም ግልጽ ነው። ሥራውን ለማየት አንድ ጠዋት ቆማችሁ ብትውሉ ምንም አይደለም፤ ለእናንተም ይጠቅማል። ለሳምንታት ፍግ እያወጡ ደመወዝ አለመቀበል ግን ልምምድ አይባልም።

ምን ልልበስ?

ጣት የሚሸፍንና የማያንሸራትት ጠንካራ ጫማ የግድ ነው። በክረምት ቦቲ፣ በበጋ ወፍራም የቆዳ ጫማ ጥሩ ነው። በነጠላ ጫማ ጋጣ የሚገባ ሰው ጣቱን ያጣል፤ ፈረስ ሆን ብሎ ባይረግጥም የት እንደቆማችሁ አያስተውልም። ቱታ ወይም ቢቆሽሽ የማያሳዝን ሱሪ፣ ለገመድና ለአካፋ ጓንት፣ ለፀሐይ ኮፍያ ያዙ። ቀለበት፣ ረጅም የጆሮ ጌጥ፣ የሚንዘላዘል ሻርፕና የተለቀቀ ፀጉር አያስፈልግም። ፈረስ ላይ ስትወጡ ሄልሜት አድርጉ። ለሥራው የሚያስፈልገውን የአደጋ መከላከያ በራሱ ወጪ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ መሆኑንም እወቁ።

ፈረስን እንዴት ነው የምቀርበው? በየትኛው ጎኑ?

ፈረስ ዓይኖቹ በጎንና ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ሊያይ ምንም አይቀረው። የማያያቸው ሁለት ቦታዎች አሉ፤ አንዱ ከግንባሩ ፊት ለፊት ቅርብ፣ ሌላው ከጭራው በስተኋላ። ስለዚህ ከትከሻው በኩል፣ በዝግታ፣ እያናገራችሁ ቅረቡ። የምትሉት ነገር ለውጥ የለውም፤ ድምፃችሁ የት እንዳላችሁ ይነግረዋል። መጀመሪያ አንገቱን ወይም ትከሻውን ንኩ፤ ፊቱን አይደለም። ከኋላው ማለፍ ካለባችሁ ወይ እጃችሁን ጀርባው ላይ እያሳለፋችሁ ተጠግታችሁ እለፉ፣ ወይ እግሩ ከማይደርስበት ርቃችሁ ዙሩ። አደገኛው መካከለኛው ርቀት ነው፤ የርግጫው ሙሉ ጉልበት የሚያርፈው እዚያ ነው።

ጆሮውን ተመልከቱ። ወደ ፊት የቆመ ጆሮ ነገር እያጣራ ነው፤ ወደ ጎን የላላ ጆሮ ተረጋግቷል፤ ወደ ኋላ ተለጥፎ የተኛ ጆሮ «አትምጣብኝ» ነው፣ ያኔ ቁሙ። ፈረሱን የምትስቡበትን ገመድ በእጃችሁ ላይ ፈጽሞ አትጠምጥሙ። ፈረሱ ቢደነግጥና ቢሮጥ ገመዱ ይጠብቅና ጣት ይቆርጣል፤ አጥፋችሁ መሃሉን ያዙት።

ወገንን በሚመለከት፣ የቀድሞ ፈረሰኞቻችን ሰይፋቸውን በቀኝ ይታጠቁ ስለነበር ፈረስ የሚወጡት በቀኝ በኩል ነበር። ዛሬ በከተማ ማሠልጠኛዎች የሚሠራው በአውሮፓው ልማድ በግራ ነው። ከሰላሌ ወይም ከአርሲ ገጠር በቅርቡ የመጣ ፈረስ በአንዱ ወገን ብቻ ለምዶ ሊሆን ይችላልና ያመጣውን ሰው ጠይቁ። በሁለቱም ወገን መነካትን ቀስ እያላችሁ ብታስለምዱት ለሁላችሁም ደኅና ነው።

ምን ይበላል? ምን ያህል?

የፈረስ ዋና ምግብ ሣር ነው። ግጦሽ በሌለበት ከተማ ድርቆሽ ይተካዋል። በደረቁ ሲመዘን በቀን የክብደቱን 2 በመቶ ያህል ይበላል ተብሎ ይታሰባል። ብዙው የአገራችን ፈረስ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ስለሚመዝን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ድርቆሽ ማለት ነው። ሆዱ ትንሽ ሆኖ አንጀቱ ያለማቋረጥ እንዲሠራ የተፈጠረ ስለሆነ ይህ ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ ተከፋፍሎ ይሰጣል። የጤፍ ጭድና የባቄላ ገለባ ሆድ ይሞላሉ እንጂ ብቻቸውን አይበቁም። ገብስና ፉርሽካ ለሚደክም ፈረስ ተጨማሪ ጉልበት ናቸው፤ ሲበዙ ግን ሆዱንም ሰኮናውንም ያሳምማሉ። «ትንሽ ልጨምርለት» ብሎ ገብስ የሚዘግን ደግ ሠራተኛ ፈረሱን አንካሳ ሊያደርገው ይችላል። የተወሰነውን በመለኪያ ስጡ።

ድርቆሹን ከመስጠታችሁ በፊት አሽትቱት። እስሩን ፍቱና እጃችሁን መሃሉ ድረስ አስገቡ። ደኅናው ደረቅና ቀዝቃዛ ነው፤ የአዲስ ሣር ሽታ አለው፤ ስታራግፉት ዘሩ ይረግፋል። የሻገተው መሃሉ ሞቅ ይላል፣ የጓዳ እርጥበት ይሸታል፣ ሲራገፍ ነጭ ብናኝ ይነሳና ያስላችኋል። እናንተን ያሳለ ድርቆሽ የፈረሱንም ሳንባ ያቃጥላልና እሱን ወደ ጎን አድርጋችሁ ለኃላፊው አሳዩ። በተለይ ክረምት መውጫ ላይ ንቁ። የሱሉልታ አዲስ ሣር የሚታጨደው ጥቅምትና ኅዳር ስለሆነ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ የሚቀረው የዓመቱ አሮጌ ክምር ነው፤ ዋጋውም ይንራል፣ ሻጋታውም ይበዛል።

ውሃ በቀን 20 ሊትርና ከዚያ በላይ ይጠጣል፣ በሙቀትና በሥራ ቀን ደግሞ ይጨምራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉን ሞልቶ ማሳደር የእናንተ ኃላፊነት ነው። አሞሌ ጨው በጋጣው ጥግ ብታስቀምጡለት ራሱ እየላሰ የሚያስፈልገውን ይወስዳል።

ሰኮና እንዴት ይጠረጋል?

ከሥራው ሁሉ አዲስ ሠራተኛ የሚፈራው ይህን ነው፤ ሲለምዱት ግን ቀላል ነው። ፈረሱ ታስሮ ወይም ሰው ይዞት፣ ፊታችሁን ወደ ጭራው አዙራችሁ ከትከሻው አጠገብ ቁሙ። እጃችሁን ከትከሻው ጀምራችሁ በእግሩ ጀርባ ቁልቁል አውርዱት፤ ከጉልበቱ በታች ያለውን ጅማት ቀስ አድርጋችሁ ጨመቅ አድርጉ። የሠለጠነ ፈረስ እግሩን ያነሳል። ካላነሳ በትከሻችሁ ትንሽ ገፋ አድርጉት፤ ክብደቱ ወደ ሌላው እግር ይሄዳል። ሰኮናውን በአንድ እጅ ደግፋችሁ በሰኮና መጥረጊያው (ጫፉ በተቆለመመው ብረት) ጭቃውን፣ ፍጉንና ጠጠሩን ከተረከዝ ወደ ጣት አውጡ። መሃል ላይ ያለውን ለስላሳ ሦስት ማዕዘን አትውጉት። አትንበርከኩ፣ መሬት ላይም አትቀመጡ፤ ቢወራጭ ፈጥኖ መነሳት ያስፈልጋል።

ሲጠረግ ጥቁር ፈሳሽና የሚከረፋ ሽታ ካለ ሰኮናው እየበሰበሰ ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከራሰ ጋጣ ነውና መፍትሔው ከአካፋው ይጀምራል። ከወትሮው የሞቀ ሰኮና፣ የላላ የሰኮና ብረት ምስማር ወይም የተሰነጠቀ ጠርዝ ካያችሁ ተናገሩ። ሰኮና እንደ ጥፍር ያድጋልና በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ በባለሙያ ይከረከማል፤ ያንን ግን እናንተ አትሞክሩት።

ፈረሱ መታመሙን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ ጤናማውን እወቁ። ዕረፍት ላይ ያለ የደረሰ ፈረስ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ፣ የልቡ ምት በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16 ነው። ትንፋሹን ከጎኑ ሆናችሁ የሆዱን መነሳትና መውደቅ በመቁጠር ታገኙታላችሁ። የሁሉንም ፈረስ ልክ በትንሽ ደብተር ጻፉ፤ ሲያመው የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው።

ለደቂቃ የማይዘገይበት የሆድ ቁርጠት ነው። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ሆዱ ውስጥ የታጎረው ነገር የሚወጣበት መንገድ አንድ ብቻ ነው። ምልክቱን አንዴ ያየ ሰው አይረሳውም። ድርቆሹን ትቶ ወደ ጎኑ ዞሮ ሆዱን ያያል፣ በፊት እግሩ መሬት ይጭራል፣ ይተኛል፣ ይነሳል፣ እንደገና ይተኛና ይንከባለላል፣ ሳይሠራ ያልበዋል፣ ፍግ የለም። ምግቡን አንሱ፣ ለኃላፊው ደውሉ፣ ሐኪም እንዲጠራ አድርጉ፤ እስኪመጣ እየተንከባለለ ራሱን እንዳይጎዳ በዝግታ ማራመድ ይቻላል። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓትና ለመጨረሻ ጊዜ ፍግ የጣለበትን ጊዜ ጻፉ፤ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህን ነው። በጠርሙስ ዘይት በአፉ ማንቆርቆር፣ ይልቁንም በአፍንጫው ማፍሰስ ወደ ሳንባው ገብቶ ይገድለዋል። ሽማግሌ ቢያዛችሁም እምቢ በሉ።

ሁለት የአገራችን በሽታዎችንም እወቁ። ንድፊት በቆዳው ሥር በመስመር የተደረደሩ እብጠቶች ያወጣል፤ እየፈረጡ ይቆስላሉ። የጋሪ ፈረሶችን በብዛት ያጠቃል፣ በዝንብና በቁስል በኩል ይዛመታል። የአንዱን ፈረስ ብሩሽ፣ ኮርቻና ልጓም ለሌላው አለመጠቀም ትልቁ መከላከያ ነው። የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ደግሞ በጥቃቅን ተናካሽ ነፍሳት ይተላለፋል፤ ትኩሳት፣ የዓይን ዙሪያ እብጠትና ከአፍንጫ የሚወጣ አረፋ ያመጣል፣ ቶሎም ይገድላል። ክትባቱ እዚሁ አገር ቢሾፍቱ ውስጥ ይመረታል። ፈረሶቹ መከተባቸውን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከፈረስ ወደ እኔ የሚተላለፍ በሽታ አለ?

ሁለት ነገር በቁም ነገር ያዙ። አንዱ መንጋጋ ቆልፍ (ቲታነስ) ነው፤ ተህዋሲው በአፈርና በፈረስ ፍግ ውስጥ ይኖራል። ምስማር ቢወጋችሁ ወይም እጃችሁ ቢቆረጥ በር የሚያገኘው እዚያ ነው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የቲታነስ ክትባት ውሰዱ። ሁለተኛው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ፈረስም በእብድ ውሻ ከተነከሰ ይይዘዋል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ምራቁ የሚዝረበረብ ፈረስ አፍ ውስጥ «ምን ተሰንቅሮበት ይሆን» ብላችሁ እጃችሁን አታስገቡ። ምራቁ ቁስላችሁን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃና ሳሙና አጥባችሁ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ከዚህ ሌላ ጭርትና መዥገር አለ። እጅ ሳይታጠቡ አለመብላት አብዛኛውን ያስቀራል።

ሴት ልጅ ይህን ሥራ ትችላለች?

ትችላለች፤ ትሠራለችም። ፈረስ በጉልበት የሚያዝ እንስሳ አይደለም፤ 250 ኪሎ የሚመዝነውን ማንም ጎረምሳ ጎትቶ አያሸንፈውም። የሚይዘው እርጋታ ነው። ሴቶች መጠየቅ ያለባቸው ስለ ቦታው ነው። ልብስ መቀየሪያና የሚቆለፍ መጸዳጃ አለ? ሌላ ሰው ሳይኖር ብቻዬን የምቆይበት ሰዓት አለ? ማታ ስመለስ ትራንስፖርት ይገኛል? መልሱ ካላረካችሁ ሌላ ጋጣ ፈልጉ።

ቤተሰቦቼ «ተምረህ ፈረስ ለጓሚ ልትሆን ነው?» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

የፈረስ ሰው በአገራችን የተናቀ አልነበረም። በቤተ መንግሥት የፈረሶቹ አለቃ ባልደራስ የሚል ማዕረግ ነበረው። ነገሥታቱና የጦር አለቆቹ በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ። ዛሬም ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ፈረስ ማጌጥና መያዝ ምን ያህል ክብር እንደሆነ አይጠፋውም።

ለወላጅ ግን ከታሪኩ ይልቅ ጥቅሙን ማስረዳት ይሻላል። በጋጣ የሠራ ልጅ በሰዓቱ መነሳትን፣ መዝገብ መያዝን፣ ለሌላ ፍጥረት ኃላፊ መሆንን ይማራል። የእንስሳት ሕክምና ማጥናት ለሚፈልግ ደግሞ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ ነው፤ ፈረስ ይዞና ትንፋሽ ቆጥሮ የሚገባ ተማሪ ሌሎቹ በኋላ የሚለምዱትን አስቀድሞ ይዞታል። እናቶች፣ ልጃችሁን ከመከልከላችሁ በፊት አንድ ጠዋት አብራችሁት ሂዱና ሥራውን በዓይናችሁ እዩት።

ፈረሶቹን መጋለብ ይፈቀድልኛል?

ወዲያው አይፈቀድላችሁም፤ ለመጋለብ ብቻ ብላችሁ አትቀጠሩ። አንዳንድ ጋጣ ከወራት በኋላ ፈረሶቹን በእርምጃና በሶምሶማ ማፍታታት ያስተምራል። ይህን ከቅጥሩ በፊት ተነጋገሩበት። ፈቃድ ሳይሰጣችሁ፣ ኃላፊው በሌለበት፣ ጓደኛችሁ ቪዲዮ እንዲቀርጻችሁ ብላችሁ አትውጡ። ሜዳ ላይ ሽምጥ ሲያስጋልብ የሚታየው ሰው ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ አሠልጣኝ በገመድ በያዘው ፈረስ ላይ ሆኖ በክብ ሲዞር ቆይቷል።

ቢረግጠኝ ወይም ብወድቅ ማን ያሳክመኛል?

አሠሪው ነው። በአዋጁ መሠረት በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ የሕክምና ወጪውንም ይሸፍናል። በትርፍ ጊዜ መሥራታችሁ ይህን አይለውጠውም። «የተረገጥከው በራስህ ቸልታ ነው» የሚለው ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ ሕጉ አሠሪውን ነፃ የሚያወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ፣ ግልጽ የደኅንነት መመሪያ ሲጥስ ወይም ሰክሮ ሥራ ሲገባ ነው እንጂ ፈረስ ሲደነግጥ አይደለም።

ጉዳቱ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ተናግራችሁ እንዲመዘገብ አድርጉ፤ ያየ ሰው ካለ ስሙን ያዙ። ሆድ ላይ የተረገጠ ወይም ራሱን የተመታ ሰው ደኅና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው። ውስጣዊ ደም መፍሰስ ከሰዓታት በኋላ ነው የሚታወቀው።

ጀርባው የቆሰለ ፈረስ «ጫን» ብባልስ?

ከሁሉ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ደንበኛ ተሰልፏል፣ ፈረሱ አንሷል፣ የሚያዝዘው አለቃችሁ ነው፣ እናንተ ደግሞ ከሁሉ ታናሽ ናችሁ። ቢሆንም የተላጠ ጀርባ ላይ ኮርቻ አይጫንም። ቁስሉ በአንድ ቀን ግልቢያ ወደ ሥጋው ይዘልቃል፤ ለአራትና ለአምስት ቀን ዕረፍት ይድን የነበረው ወራት ይፈጃል። ሁለት ብርድ ልብስ መደረብም አይረዳም፤ ጫናው እዚያው ነው፣ ሙቀቱ ይብሳል።

በሰው ፊት አትከራከሩ። አለቃችሁን ወደ ጎን ጠርታችሁ «ጋሼ፣ ይቺን እዩልኝ፣ ነገ ይብስባታል፤ በእሷ ፈንታ ዳማውን ልጫን?» በሉ። ቁስሉን በዓይኑ እንዲያይ አድርጉ። ለገንዘቡም ለፈረሱም የሚበጅ መንገድ ይዞ የቀረበ ልጅ ብዙ ጊዜ ይሰማል። ካልሰማና ይህ ልማዱ ከሆነ ለወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መንገር ይቻላል። እኔ በበኩሌ ያንን ጋጣ ልቀቁ እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ቦታ የቆየ ሠራተኛ ማየት ያቆማል።

ቁስሉን በተመለከተ፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ውስጥ ጨው ሟሙቶ (ለግማሽ ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ) በንጹሕ ጨርቅ በየቀኑ ይታጠባል፤ ዝንብ እንዳያርፍበት ይጠበቃል። አመድ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም የባትሪ አሲድ አይደረግበትም፤ በጋለ ብረት አይተኮስም። ፈረሱ ሥራ ፈትቶ ታስሮ አይቆይ፤ በገመድ ይዛችሁ አንሸራሽሩት፣ ሳር ካለ አግጡት። ኮርቻው የት እንደሚያሻሽ ደግሞ ፈልጉ፤ የተሰበረ እንጨት፣ የተቋጠረ ስፌት ወይም የተጋገረ ላብ ይኖራል። ያ ካልተስተካከለ ሌላውንም ፈረስ ያቆስላል። ቁስሉ ጠግጎ ፀጉር ካበቀለ በኋላ ቦታውን በጣታችሁ ጫን አድርጉ፤ ፈረሱ ቆዳውን ካላንቀጠቀጠና ጀርባውን ካላጎበጠ ኮርቻ ሊመለስበት ይችላል።